ሐኪሙን ባመሰግን የሥላሴን ምስጋና እቀማለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ባለቤቴን በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰ ያማት ነበር። እሱ ለካ ልቧን ጎድቶት ኖሯል፣ ዓምና በጠና ታመመች። እግሯ ያብጣል፣ ሌሊት ሦስት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ልጆቻችንን ለዓመታት ሲያክምልን የቆየ ሐኪም አለ። አንድ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ደወልኩለት፣ በባጃጅ ቤታችን ድረስ መጣ። ባለቤቴ ማንበብ ስለማትችል የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በእስክርቢቶ ፀሐይና ጨረቃ ሳለላት፣ የጠዋቱንና የማታውን እንድትለይ። አሁን ሻል ብሏታል እንጂ አልዳነችም። ስትድን አንድ ላይ አመሰግነዋለሁ ብዬ እስካሁን ምንም አላልኩትም። በጽዋ ማኅበራችን ይህን ባነሳ አንዱ “ስእለትህን ለሥላሴ አስገባ፣ ሐኪምማ ደሞዙን ይበላል” አለኝ። ሌላው ደግሞ “ሰውዬው እስላም ነው፣ ጠበል ጸዲቅ ልትጠራው ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ።

የመጀመሪያው ሰው ግማሹን ልክ ነው። ስእለት ካለብህ አስገባ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ሁሉ እያዩህ ስእለት በልተህ መቆምም ያስፈራል። “ደሞዙን ይበላል” ያለው ላይ ግን አልስማማም። ደሞዝ በሌሊት ባጃጅ አያስይዝም። ካርቶን ላይ ጨረቃ ሳል ብሎም አያዝም።

ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምስጋና እንደ እንጀራ ሲቆርሱት የሚያልቀው? ዘወትር የምንጸልየውን ጸሎተ አኰቴት አስታውስ፣ “ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ” ብሎ ነው የሚጀምር፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግን ማለት ነው። በጎውን ነገር በማን እጅ እንደላከልህ ግን አንተ ታውቃለህ፣ በባጃጅ የመጣውን አይተኸዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ለታመመ ሰው የሚሰጠውም ምክር፣ ጸልይ፣ ንስሐ ግባ፣ መባህን አቅርብ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ነው። ወንጌል የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ይቺ ከተማ ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ናት። ቆሎ ተማሪውና የሕክምና ተማሪው በአንድ መንገድ ነው የሚተላለፉት። እንዲህም ሆኖ “ጠበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪ” የሚል ሰው አሁንም አለ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና በ1999 ዓ.ም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱትን ከጠበሉ ጋር አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብለው ነበር። ባለቤትህም በየወሩ መርፌ ታዝዞላት ከሆነ፣ ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፣ ጠበል ሄጃለሁ ብላ እንዳታቋርጥ። በጾም መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ውሰጂ ከተባለች ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔን ያሳሰበኝ የማኅበሩ ሰዎች ያሉት አይደለም። አንተ “ስትድን አመሰግነዋለሁ” ያልከው ነው። ባትድንስ? ይህን ስጽፍልህ እጄ ከብዶኛል፣ ግን የልብ ሕመም ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ። ሰውየው የለፋው ለውጤቱ ዋስ ሆኖ አይደለም። ያንን ሌሊት መጥቷል፣ እሱ ነገር አልቋል፣ ምስጋናውም የዚያ ሌሊት ነው። እኔ እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች የምታገላብጣት አንዲት ነርስ ነበረች። እናቴን ሲሻላት ማር ይዤ እሄዳለሁ ስል ስል ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሁለት ኪሎ የደጋ ማር ይዤ ብሄድ “ተዛውራለች” አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ማሩን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ፣ እሱ ደስ ብሎታል።

ሙስሊም ነው ላሉህ፣ ከአሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ጌታን ያመሰገነው ሳምራዊው ነበር፣ ሉቃስ 17 ላይ አለ። ባዕድ የተባለው ሰው ማመስገን ካወቀበት እኛ ባዕድ የምንለውን ማመስገን ያቅተናል? ጥራው። ብቻ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ እያወቅህ ዶሮ ወጥ አቅርበህ አታሳፍረው። ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል።

ገንዘብ በፖስታ አድርገህ ኪሱ ውስጥ እንዳትከት። ነገ ወረፋ ቢያስቀድምህ እንኳ በገንዘቡ ይሁን በወዳጅነት ሁለታችሁም አታውቁትም። ነቢዩ ኤልሳዕም ከለምጹ የዳነው ንዕማን ያቀረበለትን ስጦታ አልቀበልም ብሏል፣ ስለዚህ ሰውየው እንቢ ካለ “በሞቴ” እያልክ አትታገለው። ሲመጣ ባለቤትህ ራሷ ትናገር። አንተ ረጅም ንግግር አታዘጋጅ። ያንን ካርቶን ካልጣላችሁት አውጥታ ታሳየው፣ ጨረቃዋን እያየሁ ነው የምውጠው ትበለው።

ዳቦውን ስትጋግሩ ደግሞ ለእሷ የሚሆነውን ለብቻ አቡኩት። ጨው እንድትቀንስ ሳያዝዛት አይቀርም፣ እሱ ፊት ጨው የበዛበት ዳቦ ስትበላ እንዳይይዛት።