ህልም መሆኑን ማወቅ ደረጃ አለው ወይ? ጥያቄና መልስ

ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን ስለማወቅ፣ ሉሲድ ድሪም ስለሚባለው፣ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ነገሩ እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?

እውነት ነው፤ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ቁልጭ ያሉ ህልሞች በብዛት በሚታዩበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሬም በሚባለው፣ ሰውነታችን ዝልፍልፍ ብሎ ይተኛል። ዓይናችን ግን ይንቀሳቀሳል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኪት ኸርን እ.ኤ.አ. በ1975 የተጠቀመው ይህንኑ ነው። አላን ወርስሊ የሚባል ሰው ሃል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተኝቶ፣ ህልም መሆኑን ባወቀ ጊዜ ዓይኑን ግራና ቀኝ እንዲያንቀሳቅስ ተስማሙ። አደረገውም። እንቅልፉን የሚመዘግበው መሣሪያ እንቅልፍ ላይ መሆኑን እያሳየ የዓይኑ ምልክት ተመዘገበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ላበርጅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ያንኑ ውጤት አገኘ።

መገናኛ አካባቢ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ድንገት ህልም መሆኑን አወቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲለኝ ግን ኪሴን እየዳበስኩ ዝርዝር ፍለጋ ተጨነቅኩ። ይሄም ሉሲድ ይባላል?

ይባላል። ጥያቄህን የወደድኩት የጉዳዩን ዋና ነገር ስለያዘ ነው። ይሄ ማወቅ ወይ አለ ወይ የለም ተብሎ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። አንተ "ይሄ ህልም ነው" የሚለውን ሐሳብ ይዘሃል። ከሱ የሚከተለውን ግን አልያዝክም። ህልም ከሆነ ታክሲው የለም፣ ረዳቱም የለም፣ የሚከፈል ሒሳብም የለም።

ከታች ብንጀምር፣ "ህልም ይሆን እንዴ?" ብሎ ራሱን ጠይቆ "አይ፣ የእውነት ነው" ብሎ የሚቀጥል አለ። ቀጥሎ ያንተ ዓይነቱ ይመጣል፤ አፍ ያውቃል፣ ልብ ገና አላመነም። ከዚያ ከፍ ሲል ፍርሃቱ ይለቅሃል። ውሻ ቢያባርርህ ቆመህ ታየዋለህ። ከዚያም በላይ ትዝታህ አብሮህ ይገባል፦ የት ቤት፣ የትኛው አልጋ ላይ እንደተኛህ፣ ነገ ሥራ እንዳለህ፣ ከመተኛትህ በፊት "ህልም ውስጥ ይሄን እሞክራለሁ" ያልከው ነገር። እኔ ሙሉ ንቃት የምለው እዚህ ሲደረስ ነው። ብዙ ሰው ህልም መሆኑን እያወቀም ያረፈ አባቱን ያገኝና፣ አባቱ ማረፉን ሳያስታውስ ቁጭ ብሎ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። ትዝታ ሳይመጣ ማወቅ ብቻውን ሲመጣ እንዲህ ነው።

ደረጃዎቹ ግን በቅደም ተከተል አይሄዱም። በአንድ ህልም ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አንተ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ጀርመናዊቷ ኡርሱላ ፎስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት መለኪያ ስምንት ነገሮችን ለየብቻ ይመዝናል። ህልም መሆኑን መረዳት፣ መቆጣጠር፣ ማሰብ፣ ማስታወስና ራስን ከውጭ ሆኖ ማየት ከነሱ መካከል ናቸው። አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው መሬት ሊሆን ይችላል።

አውቃለሁ፤ ግን መብረርም ሆነ ቦታ መቀየር አልችልም። ገና ጀማሪ ነኝ ማለት ነው?

በፍጹም! ይሄ አስተሳሰብ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንቱን ተስፋ አስቆርጦ አስትቷል። መቆጣጠርና ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ህልም መሆኑን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲበር የሚያድር ስንት ሰው አለ። በሌላ በኩል ሁሉን እያወቀ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ የሚያይ አለ፤ እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። ስለ ራስህ ንቃት ማወቅ ከፈለግክ፣ "በረርኩ ወይ?" ሳይሆን "የት እንደተኛሁ አስታውሼ ነበር ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

እነቃለሁ ግን መንቀሳቀስ አልችልም፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። እናቴ ዱካክ ነው ትላለች። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል፣ እህቴ። አእምሮሽ ነቅቶ ሰውነትሽ ገና ከሬም እንቅልፍ አልወጣም። ጡንቻው እንደተዝለፈለፈ ነው፤ ህልሙም ዓይንሽ ፊት ይቀጥላል። የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ትንፋሽሽ አይቋረጥም፤ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ሥራውን አያቆምም። አትታገዪ፤ በቀስታ ተንፍሺ፣ የጣትሽን ጫፍ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ከተደጋገመ ሐኪም ጋር ሂጂ።

ኃጢአት ይሆን?

ይሄን ለንስሐ አባትህ ወይም ለሼህህ ጠይቅ። እኔ የማውቀው ሳይሞክሩትም በድንገት የሚመጣባቸው ብዙዎች መሆናቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የ50 ዓመት ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ 55 በመቶ ያህሉ ሰው ቢያንስ አንዴ እንዳጋጠመው ገምቷል።

እንዴት ልጀምር?

ሬም እንቅልፍ ወደ ንጋት ይረዝማል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነቅቶ ጥቂት ቆይቶ መልሶ መተኛት በጣም ይረዳል። ለሱብሂ ሰላት ወይም ለኪዳን ተነስታችሁ መልሳችሁ የምትተኙ ሰዎች ሳታስቡት ጥሩ ሰዓት ላይ ናችሁ። መልሳችሁ ልትተኙ ስትሉ፣ ቀድሞ ያያችሁትን ህልም አስታውሱና "ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ" በሉ። የላበርጅ ዘዴ በአጭሩ ይሄ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ጽሑፍ አንብባችሁ ዞር በሉና እንደገና አንብቡት፤ ህልም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

እንቅልፋችሁን በየሌሊቱ አትቆራርጡ። እውኑና ህልሙ የሚምታታባችሁ ከሆነ፣ ወይም የአእምሮ ሕመም ክትትል ላይ ካላችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትሞክሩት።

የተኛን ሰው ማናገር ይቻላል የሚባለውስ?

ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ 36 ሰዎችን አሳተፈ። ተኝተው ህልም መሆኑን ሲያውቁ እንደ "ስምንት ሲቀነስ ስድስት" ያለ ቀላል ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ በዓይን እንቅስቃሴ ወይም በፊት ጡንቻ ይመልሳሉ። ማወቃቸውን በምልክት ካሳወቁ በኋላ ከተጠየቁት 158 ጥያቄዎች 29ኙ በትክክል ተመለሱ። ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ምንም መልስ አልመጣም። ሁሉም "አውቄያለሁ" ብለው ነበር እኮ! መልስ ለመስጠት ጥያቄውን መስማት፣ ማሰብ፣ ስምምነቱን ማስታወስ፣ ደግሞም ሳይነቁ መቆየት ያስፈልጋል።

የህልም ማስታወሻዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

"ሉሲድ ነበር" ብለሽ ብቻ አትለፊው። በምን እንዳወቅሽ ጻፊ። ካወቅሽ በኋላ ምን እንደፈራሽ፣ የትኛውን ነገር እንደ እውነት እንደቆጠርሽ፣ አልጋሽ ትዝ ብሎሽ እንደነበር፣ መቼ እንደጠፋብሽ ጻፊ። ህልምሽን ስትጽፊ ገና ከአልጋ ሳትወርጂ ይሁን፤ ፊትሽን ታጥበሽ እስክትመለሺ ግማሹ ይጠፋል።