የጎረቤቴ ጠመንጃ ዶሮዎቼን ጨረሰብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ መልካሳ አካባቢ ነው የምኖረው። ዕንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ሁለት የወተት ላሞች አሉኝ። ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ መሬት ይዘው ሽንኩርት ያለማሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ነበሩ። ችግሩ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አላቸው፣ ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ እሑድ እሑድ ገና በማለዳው ከወንድማቸው ልጆች ጋር ዒላማ መተኮስ ጀምረዋል። ዶሮዎቼ በርግገው ጥግ ላይ ተከመሩና የታፈኑት ሞቱብኝ። ላሟ ወተት አልለቅ ትላለች። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ተኩስ በሰማች ቁጥር ቁጭ ብድግ ነው። አንዴ ባነሳባቸው «የገጠር ሰው ደግሞ ተኩስ ይፈራል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ባለቤቴ ቀጥታ ፖሊስ ጋ እንሂድ ይላል። እኔ ግን መኳረፍ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ ዙሪያ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ስለ ድምፁ ከማውራታችን በፊት ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጥይቱ የሚያርፈው የት ነው? ከዒላማው ኋላ ምን አለ?

ይህን የምጠይቀው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። የክላሽ ጥይት የሚያቆመው ካላገኘ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከመልካሳ ሜዳ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ደግሞ ስንት ማሳ፣ ስንት እረኛ፣ ስንት ቦይ የሚጠርግ ሰው እንዳለበት አንቺው ታውቂዋለሽ። የባህር ዛፍ ረድፍ ጥይት አያቆምም። የቆርቆሮ አጥር አያቆምም። ያ አካባቢ ደግሞ ድንጋያማ ነው፣ ጥይት ድንጋይ ሲመታ ይነጥራል፣ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ የተኮሰውም አያውቅም። ጥይት የሚይዘው ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ በደንብ የተቆለለ፣ ድንጋይ የሌለው አፈር ወይም ፊት ለፊት የቆመ የአፈር ገደል ነው። ስለዚህ ጋሼ ከዒላማቸው ኋላ እንዲህ ያለ የአፈር ቁልል ከሌላቸው ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ሽማግሌ አትጠብቂ፣ ቡናም አታፍዪ፣ በዚያው ቀን ፖሊስ ይወቀው። ይሉኝታ ለሌላ ነገር ይቆይሽ።

ቁልሉ ካለ ግን ነገሩ የድምፅ ነገር ነው፣ ድምፅ ደግሞ መላ አለው።

በመጀመሪያ ዶሮዎቹና ላሟ አልተሞላቀቁም። ዶሮ ድንገተኛ ጩኸት ስትሰማ ወደ ጥግ ነው የምትሮጠው፣ አንዷ ባንዷ ላይ ስትወጣ የታችኞቹ ይታፈናሉ። ላም ስትደነግጥ ሰውነቷ አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፣ አድሬናሊኑ ደግሞ ወተቱን ከጡቷ የሚያወርደውን ሆርሞን ያግደዋል። ወተቱ አለ፣ ግን አይወርድም። ይህን ለጋሼ ንገሪያቸው፣ «ድምፁ ያስጠላኛል» ከሚለው ይልቅ «የጠዋት ወተቴ ቀረብኝ» የሚለው ለገበሬ ቶሎ ይገባዋል።

ማለዳው ለምን እንደሚብስም ልንገርሽ። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ወደ ላይ ሊበተን የነበረው ድምፅ በዚህ ጊዜ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። በስምጥ ሸለቆ ዝቅታ ላይ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይታያል። ፀሐይ ሞቅ ስትል አየሩ ይደበላለቅና ያው ተኩስ ከዚያው ቦታ ቀለል ብሎ ይሰማል። ነፋሱም አለ። የአዳማን ነፋስ ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልግም፣ ተርባይኖቹ ለጌጥ አልተተከሉም። ነፋሱ ከእሳቸው ወደ አንቺ በሚነፍስበት ሰዓት ተኩሱ ጆሮሽ ሥር ያለ ያህል ይሰማል።

እንግዲህ ቀጥታ ጠይቂያቸው። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ላሞቹ ታልበው ዶሮዎቹም በልተው ካበቁ በኋላ። ቦታው ከአንቺ አጥር ራቅ ይበል፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ደግሞ ለጆሮ ግማሽ ያህል ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ትንሽ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን አፈሙዙ ወደ አንቺ አይዙር! የጠመንጃ ድምፅ ከፊት በኩል ከኋላው በብዙ ይበልጣል፣ አቅጣጫ መቀየር ብቻውን ሰፈር ያሳርፋል፣ ምንም ብርም አያስወጣም። እርግጥ አቅጣጫው ሲቀየር የአፈር ቁልሉም አብሮ መዞር አለበት። በቀረችው ጊዜ የወንድማቸው ልጆች አካፋ ይዘው በተኳሹ ግራና ቀኝ አፈር ይቆልሉ፣ ጉልበት አላቸው። ዒላማው ብረት ከሆነም በወረቀት ይቀየር፣ ያ «ቃንን» የሚለው ድምፅ ለብቻው ያሳብዳል። ዛፍ እንትከል ካሉሽ ለጥላው ጥሩ ነው በያቸው፣ አንድ ረድፍ ዛፍ ለድምፅ የሚፈይደው ነገር የለም።

አሁን የእናትሽን ነገር ላንሳ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ጋሼ ሲስቁ ያልገባቸው ነገር ይመስለኛል። እኛ አገር ተኩስ እንደ ጄኔሬተር ድምፅ ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። ሰው ተኩስ ሲሰማ «ምን ተፈጠረ? ማን ተመታ?» ነው የሚለው፣ ስልክ ይደውላል፣ ልጁን ከመንገድ ይጠራል፣ በር ይዘጋል። እናትሽ ቁጭ ብድግ የሚሉት ድምፁ ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ነው። ድምፁን ግማሽ ብታደርጊው እንኳ ይህ ፍርሃት አይቀንስም። የሚቀንሰው ቀድሞ ማወቅ ነው። ጋሼ ቅዳሜ ማታ አንድ ልጅ ልከው «ነገ አራት ሰዓት ላይ እንተኩሳለን፣ አምስት ሰዓት እናበቃለን» ቢያስብሉ፣ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሁሉ፣ ለቀበሌው ሚሊሻም ጭምር፣ ግማሹ ጠብ እዚያው ይቀራል። ካሉት ሰዓት ውጪ ተኩስ ከተሰማ ደግሞ ሰው በትክክል ይደነግጣል፣ መደንገጥም አለበት። አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ «የገጠር ሰው ተኩስ ይፈራል እንዴ» የምትለው ቀልድ አላሳቀችኝም። ገጠር የሚኖር ሰው ተኩስን የሚፈራው ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ሄደሽ ስታናግሪያቸው ተኩሱ እየተሰማ አይሁን፣ ሁለታችሁም ትናደዳላችሁ። በአዘቦት ቀን፣ ባለቤትሽን ሳትይዢ፣ የሚያከብሩት ሰው ካለ እሱን ይዘሽ ሂጂ። በድንኳኑ ነገር ጀምሪ። ውለታ ማስታወስ ማሽቃበጥ አይደለም።

እምቢ ካሉስ? በስልክሽ ድምፁን ቅጂ፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የሞቱትን ዶሮዎችና የቀነሰውን ወተት በደብተር ያዢ። ዴሲቤል የሚለካ አፕ አውርደሽ አትድከሚ። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፣ ግን እሱ የሚመለከተው በአማካይ የሚቆይን ድምፅ ነው። ተኩስ በቅጽበት ከ140 ዴሲቤል በላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ የስልክ ማይክሮፎን ያንን አይዘውም። ማስረጃሽን ይዘሽ ለሽማግሌ፣ ካልሆነም ለባህል ፍርድ ቤት፣ በኦሮሚያ በአዋጅ ዕውቅና አለው፣ እንዲህ ያለ የጎረቤት ነገርም ይመቸዋል። የመጨረሻው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ባለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የቦታውን ልማድም ያያል፣ ስለዚህ «ገጠር ነው» የሚል መከራከሪያ ይመጣብሻል፣ ያኔ ደብተርሽን ታወጫለሽ። ፈቃዱን በተመለከተ ደግሞ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። የጋሼ ፈቃድ ለምን ዓላማ እንደተሰጠና እሑድ እሑድ ዒላማ መምታትን ይጨምር እንደሆነ መልስ የሚሰጠው ፖሊስ ነው። ይህን ካርድ ግን በመጀመሪያው ቀን አትምዘዢው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ተኳሹ ወገን ነኝ። በግቢዬ ውስጥ በአየር ጠመንጃ ጣሳ ነው የምመታው፣ ምንም ድምፅ የለውም። ጎረቤቴ ግን ሰው ሰብስቦ ወቀሰኝ። ምኑ ነው ጥፋቱ?
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የከተማ ግቢ ነው ያልከን፣ አይደል? ድምፁ ትንሽ ይሁን እንጂ ፍሬዋ ዓይን ታጠፋለች፣ ጎረቤትህ ልጆች ካሉት የተቆጣው በእሱ ነው። ከጣሳው ኋላ አፈር የሞላ ጆንያ ደርድርና ጠርተህ አሳየው። ጣሳው ውስጥም አፈር ጨምርበት፣ «ቋ» ማለቱን ይተዋል። አየር ጠመንጃህንም ወደ ጣቢያ ብቅ ብለህ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቅ። ወፍ ላይ እንዳትተኩስ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ዘመድ አለኝ፣ ለጠመንጃዬ ድምፅ ማፈኛ ላስልክ?

መልስ፦ አታስልክ። እንኳን ማፈኛ፣ አንዲት ጥይትም ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ አይገባም፣ ዘመድህንም ራስህንም ኤርፖርት ላይ ታስይዛለህ። ፊልም ላይ እንደምታየውም ፀጥ አያደርግም። ማፈኛ የሚቀንሰው ከአፈሙዙ የሚወጣውን ፍንዳታ ነው፣ ከድምፅ የሚፈጥነው ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት እንዳለ ይቀራል። የመላኪያውን ብር ለአካፋና ለጆንያ አውለው።