ሙቀት ሲመጣ ማዲያቷ ለሚብስባት እህት

እህቴ፣ «ሙቀቱ ሲጀምር ማዲያቴ ይጠቁራል፤ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) እየተቀባሁም ለውጥ የለውም፤ ግንባሬ ላይ ደግሞ ሽፍታ ጨመረብኝ፤ ምን ልቀባ?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ጣጣ የምታወሪ ነው የመሰለኝ። ከእኔ በፊት መልስ የጻፉልሽን፣ «ውኃ ጠጪ» ያሉሽን ብዙም አትስሚያቸው። ውኃ መጠጣት ደግ ነው፤ ማዲያት ግን በውኃ አይለቅም። ፊት አስተጣጠብ አላስተምርሽም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. የምትቀቢው ሰንስክሪን ቀለም የሌለው ዓይነት ነው አይደል? ችግሩ እሱ ነው። ዕቃው ላይ «SPF» ከሚለው ጎን የተጻፈው ቁጥር በዋናነት የሚናገረው ቆዳን ስለሚለበልበው ዩቪቢ ስለተባለው ጨረር ነው። በወጉ ከተቀባ 30 የሚለው 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ያህሉን ይከላከላል፤ ከዚያ በላይ ለሚለው ገንዘብሽን አትበትኚ። ማዲያትን የሚያጠቁረው ግን ዩቪቢ ብቻ አይደለም። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባው ዩቪኤ የሚባል ሌላ የፀሐይ ጨረርም አለ። በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱም እንደ እኛ ያለውን ጠየም ያለ ቆዳ ያጠቁራል። የእኔ ቀኝ ጉንጭ ሁልጊዜ ከግራው ይብስ ነበር፤ ቢሮ የምቀመጠው መስኮቱን በቀኜ አድርጌ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ለሕክምና ስመላለስ «የት ነው የምትውዪው?» ብሎ የጠየቀኝ ባለሙያ አልነበረም። ይህን ብርሃን የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ማቅለሚያ ነው፤ ባለቀለም ሰንስክሪን ውስጥ ይገኛል። ከጀርባው የይዘት ዝርዝር ላይ እሱን፣ ከፊቱ ላይ ደግሞ «ብሮድ ስፔክትረም» (ዩቪኤንም ዩቪቢንም ይከላከላል ማለት ነው) የሚለውን ፈልጊ። ባለቀለሙ ሰንስክሪን አመድ የተነፋብሽ መስለሽ ከመታየትም ያድንሻል።

2. መጠኑ። ሌባ ጣትሽና መሀል ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረ ክሬም ለፊትና ለአንገት። ብዙ ነው ትያለሽ፤ አዎ ብዙ ነው። አብዛኞቻችን የምንቀባው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ ከሆነ 50 የተባለው 50 ሆኖ አይሠራም። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው፤ ካላበሽ ሁለት ሰዓት አትጠብቂ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በተቻለሽ መጠን ጥላ ያዢ፤ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣ ይኑርሽ። ከፍታ ቦታ ላይ ነፋሻ ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

3. ሽፍታው። ትንንሽ ሆኖ የሚያሳክክና የሚወጋጋ ከሆነ የላብ መውጫው ተደፍኖ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሁኚ፣ ወፍራም ቅባት ተዪ፣ ይጠፋል። ከፀጉርሽ መስመር ሥር ብቻ ከተሰለፈ ግን የፀጉር ቅባትሽ ከላብ ጋር ወደ ግንባርሽ እየወረደ ነው። የእኔ እንደዚያ ነበር፤ ያንቺም አይቀርም።

4. ስም ያልተጻፈበት ክሬም ፊትሽ አጠገብ እንዳይደርስ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፤ ሆዴን ያቃጠለው ይኼ ነው።

«የቆዳ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ቀን ከተጎለትኩ በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ማዲያት ነው» አለኝ። ስለ ሰንስክሪን ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ጥቁር ቆዳን ፀሐይ ምን ያደርገዋል? እሱ የፈረንጅ ነው!» ብሎ ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ብልቃጥ ሰጠኝ። ምን እንዳለበት ብጠይቅ «የማዕከሉ ምስጢር ነው» ተባልኩ። ለፊቴ የምቀባውን፣ ከፍዬ የገዛሁትን!

መጀመሪያ ላይማ ፊቴ ጠርቶ አበራ፤ ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይለኝ ነበር። ቆይቶ ግን ቀላ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጉንጬ ላይ ወጡ፤ ብጉር ወረረኝ፤ ፀሐይ ስወጣ በእሳት የተያዝኩ ያህል ያቃጥለኛል። ተመልሼ ብሄድ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «እንደ አዲስ ካርድ አውጪ» አለችኝ። ሰውዬውም «ቆሻሻውን እያወጣ ነው፣ ጨምሪበት» ብሎ ሁለተኛ ብልቃጥ ሊሸጥልኝ! እውነተኛዋ የቆዳ ሐኪም ገና ሳታየኝ ብልቃጡን ስታይ ገባት፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ መቀባት የሌለበት የቆዳ መድኃኒት ነበር። እንዲህ ያሉ ድብልቆች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባሉ ስቴሮይዶች፣ አንዳንዴም ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ይገባል፤ ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ፣ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ወራት ይሰጣል፤ ያለ ልክ ሲቀባ ግን ማዲያቱን ትቶ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያመጣል፤ ያን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ብልቃጡን አልጣልኩትም። ይዤው ተመለስኩና ወረፋ የያዙት ሴቶች ፊት «ውስጡ ያለው ይኼ ነው» ብዬ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ጥበቃ ጠሩብኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሱም። አንዷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ተከትላኝ ወጣች፤ በዚያ እስከ ዛሬ ኩራት ይሰማኛል።

አንቺም እንዲህ ዓይነቱን ጀምረሽ ከሆነ ብልቃጡን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስቴሮይድ ሲቆም ፊት ለጊዜው ይብሳል፤ ያን አይተሽ ደንግጠሽ ወደ ክሬሙ እንዳትመለሺ። ሐኪሟ ለእኔ ያዘዘችልኝ አዜላይክ አሲድ የሚባል የማዲያት ቅባት ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ግን ባለቀለሙ ሰንስክሪን ሳይታከልበት ዋጋ እንደሌለው ቁርጡን ነግራኛለች።

5. «ሎሚ ቀቢ» የሚልሽ ካለ አትስሚ። የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ያቃጠለው ቦታ ደግሞ ይጠቁራል።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፦ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ? ማዲያትን ከሚያመጡና ከሚያብሱ ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ እርግዝናም እንደዚያው። በራስሽ አታቋርጪው፣ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ ስትገቢ ሳትጠየቂ ንገሪያት፤ ማዕከል ተብዬው ቤት እኔን ማንም አልጠየቀኝም።