ልጅሽን በራሱ ስም አስመዝግቢው

እህቴ፣ «የ24 ዓመት ልጄ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት ተባለ፣ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ነው አሉኝ፣ ወጪውን እንዴት ነው የምትችሉት?» ያልሽውን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። እኔም አዳማ ነኝ፣ የእኔም ልጅ ከታመመ ሰባት ዓመት አልፎታል። ስለ ጠበል አላወራሽም፣ መቼም ሳትሞክሪው አልቀረሽም።

1. የጤና መድኅን አለኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ። እኔ መዋጮዬን አንድም ዓመት አላስተጓጎልኩም። ለካ ልጅ 18 ከሞላው ለሱ ተጨማሪ ተከፍሎ መመዝገብ አለበት! ማን ነገረኝ? ማንም። ሌሊቱን በር ሰብሮ ወጥቶብን፣ በማግስቱ ወንድሞቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ካርድ ክፍል ስንደርስ ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ይሄ ትልቅ ሰው ነው፣ መድኅኑ ላይ ስሙ የለም» አለችኝ። ላስመዝግበው ብል ምዝገባው ተዘግቷል፣ ለከርሞ ነይ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ! ዓመቱን ሙሉ ከኪሴ ከፈልኩ። እቁቤም፣ የአንገት ሀብሌም በዚያው ሄደ። ስለዚህ ዛሬውኑ ቀበሌ ሄደሽ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ሕክምናውንም ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ሪፈር ሳትይዢ ሆስፒታል ብትሄጂ የመድኅን ካርዱ ብዙም አይጠቅምሽም።

2. አዲስ አበባ አትሩጪ። እኔ ዘመድ ጠቁሞኝ በኮንትራት መኪና አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ውድ መድኃኒት ታዘዘለት፣ እውነት ለመናገር ተሻለውም። ሁለት ወር ገዛሁ። በሦስተኛው አቃተኝ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው... ኪኒኑን ለሁለት እየሰበርኩ ግማሽ ግማሹን ሰጠሁት። ይሄን ለባሌም አልነገርኩትም ነበር። ወር ሳይሞላ አገረሸበት፣ ከመጀመሪያውም ባሰ።

እዚሁ ከተማችን ያየው ሐኪም ጉዱን ሲሰማ «እናቴ፣ አቅም እንደሌለዎት ለምን አልተናገሩም?» አለኝ። አፍሬ ነዋ! ለካ ሃሎፔሪዶል የሚባል የድሮ፣ ርካሽ መድኃኒት አለ። ሰውነት ግትር ያደርጋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ለዚያም ማስታገሻ አብሮ ሰጠው። በኋላ በወር አንዴ ወደሚወጋ መርፌ ቀየረለት። ለልጅሽ የሚስማማውን ሐኪሙ ያውቃል፣ አንቺ ግን በወር ስንት ብር እንደምትችዪ ሳታፍሪ ንገሪው።

አሁን ልጄ ከእኔ ጋር ገበያ ይውላል፣ በርበሬውን የሚመዝነው እሱ ነው። ሂሳብ ከእኔ ይበልጣል። ያቺ የካርድ ክፍል ልጅ ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ ልትገዛ መጣች፣ አላወቀችንም። እሱ መርቆ ሊሰጣት ሲል እጁን ያዝኩት።