ስሙ ዮሐንስ ነው

ጥያቄ፦ ሰኔ 30 ቀን ለተወለደው ልጃችን «ዮሐንስ» የሚል የክርስትና ስም ልናወጣለት አስበናል። ትርጉሙን ቢያስረዱን። እናቴ ደግሞ «መተተኛ በስሙ ያሠራበታል፤ ለማንም አትንገሩ» ትለናለች። መደበቅ ይገባናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ ዮሐንስ መነሻው የዕብራይስጡ «ዮሐናን» ሲሆን «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ማለት ነው፤ በግሪኩ በኩል አልፎ ወደ ግእዝ ገብቷል። ሰኔ 30 የመጥምቁ የልደት በዓል ስለሆነ ስሙ ከቀኑ ጋር ሰምሯል፤ ወር በገባ በ4 ከሚታሰበው ከወንጌላዊው ጋር ግን አታምታቱት።

የእናትህን ስጋት በዚህ በጣና ዳር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በአንድ ቀብር ላይ ለፍትሐቱ የሟቹን የክርስትና ስም ብንጠይቅ፣ ለአቅመ አዳም የደረሱት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከመተተኛ የተሰወረው ስም ለካ ከአብራኩ ክፋዮችም ተሰውሮ ኖሯል። ያን ዕለት ተቆጣሁ፤ ሐዘንተኛን መቆጣት አይገባምና ኋላ ጸጸተኝ። የሚያስገርመው ግን ስሙን ከጎረቤት የሚሸሽገው ሰው ራሱ፣ ያንኑ ስም ከነእናቱ ስም ይዞ ኮከብ ሊያስቆጥር ጠንቋይ ደጅ መሄዱ ነው። «በያዕቆብ ላይ አስማት የለም» (ዘኁ. 23፥23) የሚለውን ቃል የሚያምን ክርስቲያን፣ በሥላሴ ስም ሲጠመቅ የተጠራበትን ስም እንደ ሰረቀው ዕቃ ሊደብቀው አይገባም።

ይልቁንም ይህ ስም ከጥንቱ በአደባባይ የተነገረ ነው። ዘመድና ጎረቤት ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት ሲሹ ኤልሳቤጥ እንቢ አለች፤ ድዳ ሆኖ የሰነበተው ካህኑ ዘካርያስም ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ በሁሉ ፊት ጻፈ፤ አፉም ያን ጊዜ ተከፈተ (ሉቃ. 1፥63-64)። በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት የተመለከተ ሰውም፣ የጻፈውና ያጻፈው የክርስትና ስማቸውን በቀይና በጥቁር ቀለም አስፍረው፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስባቸው መለመናቸውን ያያል።

እናትህን ግን በክርክር አታስጨንቃቸው፤ ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። በክርስትናው ዕለት ከክርስትና አባቱ አጠገብ አቁማቸው፤ ካህኑ ስሙን ሲጠይቅ እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሱ።