ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ እንስጥ?

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤታችንን ልናሳድስ ነው። ካነጋገርናቸው ሦስት ኮንትራክተሮች አንዱ ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ግማሹን በቅድሚያ ይጠይቃል። እንስማማ?

መልስ፦ በዚህ መልኩ አትስማሙ። መጀመሪያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት የሥራ ዝርዝር ስጧቸውና በእሱው ላይ ዋጋ ይሙሉ፦ የሚነቀለው ሴራሚክ በካሬ ሜትር፣ የሚቀየረው ቧንቧ በሜትር፣ ፍርስራሹን የሚያነሳው ማን እንደሆነም ጭምር። ያን ጊዜ ርካሹ ምን እንደዘለለ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው፤ ከተሸፈነ በኋላ አይታይምና።

ስለዚህ ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ መከላከያው ተቀብቶ ሲደርቅ የወለሉ ማፍሰሻ ይደፈናል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ ልኩ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግና 24 ሰዓት ይቆያል። ውሃው ከቀነሰ ወይም የታችኛው ጣሪያ ከረጠበ ሴራሚክ አይነጠፍም፣ የዚያ ደረጃ ክፍያም አይፈጸም። ቧንቧውም ግድግዳው ሳይደፈን በግፊት ይፈተሽ፤ መስመሩን ፎቶ አንሱ።

ቅድሚያ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበቃል። ቀሪው በየደረጃው ይከፈል፤ መጨረሻ ላይ 10 በመቶ ያህል ጉድለቱ ታርሞ እስኪያልቅ ያዙ። ኮንትራክተሩ ለሌሎች የሠራውን ስታዩ ደግሞ ትናንት ያስረከበውን ሳይሆን ዓመት ያለፈውን ጠይቁ።