የጎልጂ ሠራተኞች በምን ይያዛሉ?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሕዋስ ውስጥ ያለው ጎልጂ አፓራተስ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ፕሮቲን ከሚሠራበት የሽፋን መረብ) የመጡ ፕሮቲኖችን አዘጋጅቶ ወደየቦታቸው እንደሚልክ ሳስረዳ፣ ተማሪዎቼ በየቀኑ ከሚያዩት የአዳማ ፍጥነት መንገድ መክፈያ ጣቢያ ጋር አመሳሰልሁት። አንዲት ተማሪ ግን፣ «መኪናው ያልፋል፣ ክፍያ ተቀባይዋ ዳሷ ውስጥ ትቀራለች፤ የጎልጂ ፕሮቲን ዳሱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ተማሪዎ የያዘችው ነጥብ የጉዳዩ እምብርት ነው። ምሳሌዎ መልካም ቢሆንም በጎልጂ ውስጥ ዳሱ ራሱ ይጓዛል። ጎልጂ እንደ እንጀራ የተደራረቡ ጠፍጣፋ ከረጢቶች ስብስብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የምርምር ቡድኖች በሕያው እርሾ ላይ እንደተመለከቱት አንዱ ከረጢት የመጀመሪያዎቹን ፕሮቲኖች እየለቀቀ የኋለኞቹን እየያዘ በጊዜ ብዛት ይለወጣል። ስለዚህ በሚያልፉት ፕሮቲኖች ላይ ስኳር የሚያያይዙት የጎልጂ ሠራተኞች፣ ማለትም ኢንዛይሞቹ፣ በቦታቸው የሚገኙት ተቸንክረው ሳይሆን፣ ኮፕ-1 በተባለ የፕሮቲን ልባስ በተሸፈኑ ጥቃቅን ከረጢቶች ተጭነው ወደ ኋላ ስለሚመለሱ ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች ሽፋኑን ሰንጥቆ የሚያልፍ አንድ ክፍል አላቸው፤ ይህም ክፍል በሕዋሱ የውጭ ሽፋን ላይ ካሉት ፕሮቲኖች አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ ኢንዛይሞቹ በጎልጂው ሽፋን ላይ ግን እንደልባቸው ይንሸራተታሉ።

ሌሎቹ የጎልጂ ፕሮቲኖች ከውጭ መጥተው የሚጣበቁ ናቸው፤ ለክፍልዎ የምመርጠውም አርፍ-1 የተባለውን ትንሽ ፕሮቲን ነው። አርፍ-1 ጂዲፒ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ይዞ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሲዋኝ፣ 14 ካርቦን ያለውን የስብ ጭራውን አጥፎ በራሱ ጎድጓዳ ውስጥ ይደብቃል። ጎልጂ ላይ አጋዥ ፕሮቲን አግኝቶ ጂዲፒውን አንድ ፎስፌት በሚበልጠው በጂቲፒ ሲለውጥ ቅርጹ ይቀየራል፤ ጭራው ይወጣና ቅባታማው ሽፋን ውስጥ ይሰጥማል። ከዚያ በኋላ ነው የኮፕ-1ን ልባስ ከፈሳሹ ጠርቶ ሽፋኑ ላይ የሚያሳርፈው። ጂቲፒው ተሰብሮ ጂዲፒ ሲሆን ደግሞ ጭራውን ሰብስቦ ይላቀቃል፤ መጣበቁና መላቀቁ ያለማቋረጥ ይደጋገማል።

ለተማሪዎ አንድ ሙከራ ቢነግሯት ደስ ይለኛል፤ እኔ ከማውቃቸው ሁሉ ጥያቄዋን በግልጽ የሚመልሰው እርሱ ነውና። ከሻጋታ የሚገኘው ብሬፌልዲን ኤ ያንን የጂዲፒና የጂቲፒ ልውውጥ ያግዳል። ሕዋሶች ላይ ሲጨመር ልባሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከሽፋኑ ይረግፋል፣ የጎልጂ ኢንዛይሞችም ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ተመልሰው ይቀላቀላሉ፤ ጎልጂው እንደ ጎልጂ አይታይም። መድኃኒቱ ታጥቦ ሲወገድ ኢንዛይሞቹ እንደገና ወጥተው ክምሩን መልሰው ይሠሩታል።